ቅዱስ ቦታ መሳለሚያ ነው እንጂ መጐብኛ አይደለም

በዛሬው ዘመን በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ፣ በነጆም ሆነ በደምቢ ዶሎ፣ ትምህርት ቀምሰናል በሚሉ ወንድሞቻችን ዘንድ አንድ አዲስ ነገር ሲነገር ይሰማል። ነገሩም እንዲህ ነው፤ ሃይማኖት ሌላ ነው፣ መንፈሳዊነት ሌላ ነው፤ ሃይማኖት ሥርዓትና ግዴታ ስለ ሆነ ለባላገር ይበቃል፤ መንፈሳዊነት ግን የአዋቂ ሰው ድርሻ ነው፤ እርሱም መልካም ሥዕል በመመልከት፣ ወደ ሩቅ አገር በመጓዝ፣ ቅዱሳን ናቸው የተባሉትን ቦታዎች ሁሉ እየዞሩ በማየት ይገኛል ይላሉ። ለዚህም ምስክር አድርገው ብዙ ጊዜ የሚያመጡት የቡድሃ መነኮሳት የሚሠሩትን፣ ማንዳላ የሚባለውን ክብ ሥዕል ነው። ሥዕሉ በእጅ ስልካቸው ላይ አለ፤ በእንግዳ መቀበያ ክፍላቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ በጨርቅና በሳህን ላይ ታትሞ ሲሸጥም ይገዙታል። ይህን ጥልቅ ጥበብ በየት እናገኘዋለን እያሉም ያደንቃሉ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል እንዲሉ፣ ከቤታቸው ሁለት መቶ ርምጃ ርቆ የቆመውን ክብ ቤተ ክርስቲያን ግን ከልጅነታቸው ጀምሮ ስለሚያውቁት አያዩትም።

ከዚህ ወገን ፊት ለፊት የቆመ ሌላ ወገን ደግሞ አለ። እርሱም ከባሕር ማዶ የመጣውን ሁሉ ሳይመረምር የሰይጣን ሥራ ነው ብሎ ይጮኻል፤ በአገሩ ተራራና በአገሩ ዛፍ ሥር የአባቶቹ አባቶች ያደርጉት የነበረውንም በዚያው ቃል ይደመድመዋል። የራሱን ቤተ ክርስቲያን ሦስት ክፍሎች ትርጓሜ ቢጠይቁት ግን አይመልስም። አንደኛው ሁሉን ያያል፤ ምንም አይሳለምም። ሁለተኛው ሁሉን ይንቃል፤ የያዘውን አያውቅም። እኛ ይህን የምንጽፈው ሁለቱም በአንድ ስሕተት እንደ ተያዙ ለማስረዳት ነው። ቦታን የሚቀድስ እግዚአብሔር ነው፤ ቅድስናውን በሰው ዘንድ የሚጠብቀው ግን የአቀራረብ ሥርዓት ነው። ሥርዓቱ ከጠፋ ግንቡ ቢቀር ግንብ ነው፣ ሥዕሉም ቢቀር ቀለም ነው። ይህንንም ስንል ጥፋቱን በምእመናን ላይ ብቻ አንጥልም፤ ከካህናት ወገን ያለውንም ሳንሸሽግ እንናገራለን።

አስቀድመን ስለ ማንዳላው እውነቱን እንናገር፤ የማያውቁትን ማድነቅም የማያውቁትን መንቀፍም አይገባምና። ማንዳላ በሳንስክሪት ቋንቋ ክብ ማለት ነው፤ የቲቤት ሰዎች በቋንቋቸው የሚጠሩበት ስም ደግሞ መካከልንና ዙሪያን የሚያመለክት ነው። ሥዕሉን በውል ለተመለከተው ሰው ጌጥ ሳይሆን የቤት ንድፍ ነው፤ ከላይ ሆነው ቁልቁል የሚያዩት ቤተ መንግሥት ይመስላል። በውጭ የክብ ዙሪያዎች አሉ፤ በእነርሱም ውስጥ አራት ማዕዘን የሆነ አዳራሽ አለ፤ አዳራሹ በምሥራቅ፣ በምዕራብ፣ በሰሜንና በደቡብ አራት በሮች አሉት፤ በመካከሉም ቤቱ የተሠራለት ይቀመጣል። መነኩሴው ይህን ለመሥራት አስቀድሞ ብዙ ዘመን ይማራል፤ ልኩን በቃሉ ያጠናል፤ መስመሩን በክር ይለካል። ከዚያ በኋላ ባለ ቀለሙን አሸዋ በቀጭን የብረት ቀንድ እየጨመረ፣ ቀንዱን በሌላ ብረት እየፈገፈገ ጥቂት በጥቂት ያንጠባጥበዋል። ብዙ መነኮሳት ተባብረው ብዙ ቀን ይደክሙበታል። ካላቻክራ የሚባለው ማንዳላ ብቻ 722 የመለኮት አካላትን እንደሚይዝ ይናገራሉ።

ሥራው ከተፈጸመ በኋላ የሚሆነውን ግን ልብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። መነኮሳቱ ጸሎታቸውን አድርሰው ያንን ሁሉ ድካም በእጃቸው ያፈርሱታል፤ በመጥረጊያ ከዳር ወደ መካከል ይጠርጉታል፤ አሸዋውንም በዕቃ አድርገው በሚፈስ ውሃ ላይ ያፈሱታል። ይህን የሚያደርጉት በዓለም ላይ ጸንቶ የሚኖር ነገር የለም የሚለውን ትምህርታቸውን በእጃቸው ለመመስከር ነው። እንግዲህ ይህን ሥዕል በመስታወት ከድኖ፣ በወርቅ ቀለም ክፈፍ አጥሮ በግድግዳው ላይ የሰቀለው የከተማችን ሰው ከቡድሃ መነኮሳት ምን ተማረ? እነርሱ የጠረጉትን እርሱ ሰቀለው፤ እነርሱ ለሥርዓት የሠሩትን እርሱ ለዓይኑ ገዛው።

ይህ ስሕተት በአገራችን ሰዎች የተጀመረ እንዳይመስለን። ብዙ የቲቤት መነኮሳት በፈረንጅ አቈጣጠር ከ1959 ወዲህ ከአገራቸው ተሰደዋል፤ ገዳሞቻቸውም በብዛት ፈርሰዋል፤ ጥበባቸውም ከእነርሱ ጋር በየአገሩ ተንከራተተ። በ1988 በኒው ዮርክ በሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ የካላቻክራውን ማንዳላ በሕዝብ ፊት ሠርተው አሳይተዋል። ይህ ስደተኛ ራሱን ለዓለም ያስታወቀበት መንገድ ነውና አንነቅፈውም። ነቀፌታችን ከዚያ በኋላ ወደ ተነሣው ገበያ ነው። ካርል ዩንግ የሚባለው የስዊስ አገር ሐኪም የመጀመሪያውን ማንዳላውን በ1916 ሥሎ ነበር፤ በኋላም ይህ ክብ የሰው የገዛ ራሱ ነፍስ ምልክት ነው ብሎ አስተማረ። ነጋዴዎችም የሐኪሙን ነገር አቅልለው፣ ክቡን ሳል፣ ቀለም ቀባ፣ በመካከሉ ራስህን ታገኛለህ የሚል መጽሐፍ አሳትመው ይሸጣሉ። እጅግ የሚያስደንቀው ግን የቡድሃ ትምህርት ራሱ «እኔ» የሚባል ጸንቶ የሚኖር ነገር የለም የሚል መሆኑ ነው። ስለዚህ ነጋዴው የሸጠው የቡድሃን ትምህርት አይደለም፤ የገዢውን ፊት በክብ መስታወት አድርጎ መልሶ ለገዢው ሸጠለት እንጂ።

የጉዞውም ነገር እንደዚሁ ነው። በጃቫ ደሴት በ9ኛው መቶ ዓመት ገደማ የተሠራ ቦሮቡዱር የሚባል ታላቅ የቡድሃ ሕንፃ አለ። ከታች አራት ማዕዘን የሆኑ ስድስት ደርቦች፣ ከላይ ክብ የሆኑ ሦስት ደርቦች አሉት፤ ከላይ ሆኖ ለሚያየው ሰው ድንጋይ የሆነ ማንዳላ ነው። የቡድሃ ምስሎች 504 ይሆናሉ፤ በግድግዳው የተቀረጹት ሥዕሎች ደግሞ 2,672 ናቸው። የቀድሞው ተሳላሚ በየደርቡ እየዞረ፣ በድንጋዩ የተቀረጸውን ታሪክ እያነበበና እየጸለየ ቀስ ብሎ ይወጣ ነበር። የዛሬው ጐብኚ ግን የፀሐይን መውጣት በስልኩ ለማንሣት በደረጃው ይሮጣል። ከጫማው ብዛት የተነሣ ድንጋዩ ራሱ እየተበላ ስለ ሄደ በ2023 የአገሩ መንግሥት በቀን ከ1,200 ሰው በላይ እንዳይወጣ፣ የሚወጣውም ለዚሁ የተሠራ ልዩ ነጠላ ጫማ እንዲያደርግ ወሰነ። እግዚአብሔር ሙሴን ጫማህን አውልቅ ብሎ ያዘዘውን የጃቫ ሰዎች ድንጋያቸው ካለቀ በኋላ በመንግሥት ሕግ ተማሩት። እኛ ግን ይህን ትእዛዝ ከአባቶቻችን በነጻ ተቀብለን ሳለን በቸልታ እንጥለዋለን።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። አባቶቻችን ክብ አድርገው የሠሩት ቤተ ክርስቲያን ሦስት ዙሪያ እንዳለው ሁሉም ያየዋል፤ ትርጓሜውን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። የውጭው ዙሪያ ቅኔ ማኅሌት ነው፤ በዚያ መዘምራኑ ማሕሌት ይቆማሉ። ሁለተኛው ቅድስት ነው፤ በዚያ ተዘጋጅተው የቀረቡ ምእመናን ሥጋውንና ደሙን ይቀበላሉ። ሦስተኛው መቅደስ ነው፤ ወደዚያ ከካህናትና ከዲያቆናት በቀር ማንም አይገባም። ውጭው ክብ ሲሆን መቅደሱ ብዙ ጊዜ አራት ማዕዘን ነው። በመቅደሱ ግድግዳ ላይ የቅዱሳን ታሪክ ይሣላል፤ በበሩም ግራና ቀኝ ሰይፍ የመዘዙ መላእክት ይቆማሉ። በጣና በዘጌ ወደሚገኘው ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሄደ ሰው ይህን ሁሉ በአንድነት አይቶታል። ታቦቱም በበዓል ቀን ሲወጣ ሕዝቡ ተከትሎት ቤተ ክርስቲያኑን ይዞራል፤ ይህንም ዑደት እንለዋለን። ምእመኑ ከውጭ ወደ ውስጥ የሚቀርበው በመጠን በመጠን ነው፤ ዐጸዱን ሲያይ ያማትባል፤ በደጀ ሰላሙ ይሰግዳል፤ ጫማውን አውልቆ ይገባል፤ ያልጾመና ንስሐ ያልገባ ከሆነም ከውጭ ቆሞ ያስቀድሳል።

እንግዲህ ክብ በክብ ውስጥ፣ አራት ማዕዘን በክብ ውስጥ፣ ጠባቂ በበር ላይ ሲያይ አንዳንዱ ሰው ሁሉም አንድ ነው፣ ልዩነት የለውም ይላል። ይህ የችኩል ሰው ፍርድ ነው። የሁለት ቤት አጥር ስለ ተመሳሰለ ባለቤቱ አንድ ነው አይባልም። በማንዳላው መካከል የሚቀመጠው መነኩሴው በሐሳቡ ሊመስለውና ሊዋሐደው የሚፈልገው የመለኮት አካል ነው፤ በእኛ መካከል ያለው ታቦት ነው፤ በእርሱም ላይ የሚሠዋው ስለ እኛ ሰው የሆነው አምላክ ነው። እርሱ ሥዕሉን ጠርጎ በውሃ ያፈስሰዋል፤ እኛ የተቀደሰውን ሥጋና ደም ተቀብለን ወደ ቤታችን እንሄዳለን። ልዩነቱ ታላቅ ነው፤ ይህን ልዩነት የሚሸፍን ሰው ለሁለቱም ወዳጅ አይደለም። ዳሩ ግን በአንድ ነገር ሁለቱም ይመሰክራሉ፤ ወደ ቅዱሱ ነገር የሚደረሰው በመጠንና በዝግጅት ነው እንጂ በመሮጥ አይደለም።

ስለዚህ ነገር ቋንቋችን ራሱ ይመሰክራል። አባቶቻችን ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ ለማለት ቤተ ክርስቲያን ሳምሁ፣ ተሳለምሁ ይላሉ። መሳለም ሰላምታ መስጠት ነው፤ የሚሳለም ሰው በቦታው ከእርሱ የሚበልጥ ባለቤት እንዳለ ያውቃል። ጐበኘ የሚለው ቃል ግን የመልከኛና የሹም ቃል ነበር፤ ባለ ርስት ማሳውን ይጐበኛል፣ ሹም ያሠራውን ይጐበኛል። የሚጐበኝ ሰው ባለቤቱ ራሱ ነው። እነሆ ዛሬ በአምላክ ቤት ጐብኚ ነን እያልን ስንገባ ባለቤትነትን ለራሳችን እንደ ሰጠን አናስተውልም።

የቀድሞው የወለጋ ተሳላሚ ለታኅሣሥ 19 ቀን ወደ ቁልቢ ገብርኤል፣ ወይም ለመስከረም 21 ቀን ወደ ግሸን ማርያም ሲነሣ አስቀድሞ ከጐረቤቱ ጋር ይታረቃል፤ ዕዳውን ይከፍላል፤ ለንስሐ አባቱ ይናዘዛል፤ በሶውንና ዳቦ ቆሎውን ስንቅ ይይዛል። ስለዚህም ጉዞው ከቤቱ ደጃፍ ሳይነሣ ተጀምሮ ነበር ማለት ይቻላል። ወለጋ ደግሞ በእነዚህ ባለፉት ዓመታት በጦርነትና በሁከት ምክንያት መንገድ ሲዘጋ፣ ሰው ወደ ዘመዱ ለቅሶ እንኳ መድረስ ሲሳነው አይቷል። መንገድ የከበደበት ሕዝብ ጉዞ መዝናኛ እንዳልሆነ ያውቃል። በእግሩ መሄድ ያልተቻለው በልቡ ይሳለማል፤ በቤቱም ሆኖ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ይጸልያል። በአውሮፕላን አሥር አገር ዞሮ የተመለሰ፣ ከወንድሙ ጋር ግን ያልታረቀ ሰው ከዚህ ሰው ይበልጥ ተጓዘ የሚል ማን ነው?

በዚህ ጊዜ ከአንባቢዎቻችን አንዱ እንዲህ ብሎ ሊመልስልን ይችላል። ጌታችን ለሳምራዊቷ ሴት ስግደት በዚህ ተራራ ወይም በኢየሩሳሌም ብቻ እንደማይሆን፣ በመንፈስና በእውነት እንደሚሆን አላስተማረምን? እንግዲህ ስለ ቦታና ስለ ድንጋይ፣ ስለ ክብና ስለ በር ይህን ያህል መከራከር ምን ይረባል? መልካም ጥያቄ ነው፤ መልሱም በዚያው ወንጌል አለ። ይህን ያስተማረው ጌታ ራሱ በበዓላት ወደ ቤተ መቅደስ ይወጣ ነበር፤ በዚያም ሻጮችንና ለዋጮችን ባገኘ ጊዜ ጅራፍ ገምዶ አስወጥቷቸዋል። ቦታው ምንም ካልሆነ ስለ ምን ተቈጣ? ለእግዚአብሔር ቦታ የሚያስፈልገው ሆኖ ሳይሆን፣ ሥጋ ለባሹ ሰው ያለ ቦታና ያለ ሥርዓት ልቡን መሰብሰብ ስለማይችል ነው። በሁሉ ስፍራ እጸልያለሁ የሚል ሰው ብዙ ጊዜ በየትም ስፍራ ሳይጸልይ ሲቀር እናያለን።

ሥርዓት ምን ያህል ኃይል እንዳለው ለማወቅ የሚወድ ወደ ሎንዶን ይመልከት። በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ከሞቱ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ከዘረፋቸው ንዋየ ቅድሳት መካከል 11 ታቦታት በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛሉ። ሙዚየም ማለት ለማሳየት የተሠራ ቤት ነው። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያናችን ታቦት ለምእመን እንኳ እንደማይታይ ስለምታስተምር፣ እነዚህን ታቦታት ለሕዝብ ከማሳየት ተከልክለው፣ የቤቱ ሹማምንት ራሳቸው እንኳ በማይገቡበት ዝግ ክፍል አኑረዋቸዋል። በኤዲንብራ ከተማ ደግሞ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ውስጥ የተገኘ ታቦት በ1994 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሷል። የዘረፋው ልጅ ልጅ ይህን ያህል ካፈረ፣ በገዛ ቤታችን ሥጋ ወደሙ በሚሰጥበት ሰዓት ስልኩን ከፍ አድርጎ ሥዕል የሚያነሣውን ምእመን ምን እንለዋለን? እርሱን አይቶ ዝም የሚለውን፣ እንዲያውም ወደ ሥዕሉ ዞሮ የሚያስተካክለውንስ ካህን ምን እንለዋለን? በሎንዶን የተዘጋውን በር ለማስከፈት ስንጮህ በነቀምቴ የተከፈተውን በር መዝጋት አቅቶናል።

የጠልሰሙም ነገር ከዚህ አይርቅም። በብራና ላይ የሚሣለው፣ ዓይንና ኮከብ የሞላበት ክታብ ዛሬ በአውሮፓ የሥዕል ቤቶች በውድ ዋጋ ይሸጣል፤ እርሱን ከማንዳላ ጋር እያመሳሰሉ የሚያደንቁም አሉ። በዚያ ክታብ ውስጥ የተጻፈውን አስማት ሊቃውንቶቻችን ይነቅፉታል፤ እኛም አንሟገትለትም። ነገር ግን ክታቡ በባለቤቱ ቁመት ልክ ተለክቶ፣ ከመዳን ፍላጎት ጋር የክርስትና ስሙ ተጽፎበት የተሠራ ነው። የአንዲት ታማሚ እናት ስም በማያውቃት ሰው ግድግዳ ላይ ጌጥ ሆኖ ሲሰቀል እየታየ ይህ መንፈሳዊ ጥበብ ነው ቢባል ማን ያምናል? የሸጠው ግን ፈረንጅ አይደለም፤ የእኛው ሰው ነው።

በወለጋ ምድር ስለ ቅዱስ ቦታ የሚናገር ሰው ኦዳን ሳያነሣ ቢያልፍ አላዋቂ ነው። በሆሮ ጉዱሩ የሚገኘው ኦዳ ቡሉቅ የገዳ አባቶች በሾላው ጥላ ሥር ተሰብስበው ሕግ የሚያወጡበት ስፍራ ነው። በዚያ ዛፍ ሥር ሐሰት መናገር የተከለከለ ነበር፤ ሽማግሌ ሳይመርቅ ነገር አይከፈትም ነበር። ሕዝቡም የክረምቱ ወራት ሲያልፍ እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ወደ ውሃ ዳር ወርዶ ዋቃን ያመሰግናል። እኛ ክርስቲያኖች እነዚህን ሁሉ በእኛ እምነት ውስጥ የምንቀላቅላቸው አይደሉም። ነገር ግን ስድብ ስብከት አይሆንም። ቅዱስ ጳውሎስ ወደ አቴና በገባ ጊዜ የጣዖቱ ብዛት መንፈሱን አስቈጥቶት ነበር፤ ሆኖም መሠዊያዎቻቸውን እየዞረ በጥንቃቄ ተመለከተ፤ ለማይታወቅ አምላክ የሚል ጽሕፈት ባገኘ ጊዜም ትምህርቱን ከዚያ ጀመረ። የአቴናን መሠዊያ አክብሮ የመረመረ ሐዋርያ ተከታዮች ነን የምንል ሰዎች የሌቃን ሽማግሌ ሳንሰማው ብንዘልፈው፣ ሽማግሌው የእኛን ክብ ቤት በምን ምክንያት ያከብረዋል?

አሁን ለካህናት ወገን ያለንን ነገር እንናገር፤ ጽሑፋችንም ለምእመናን ብቻ የተጻፈ እንዳይመስል። በጊምቢ ወይም በአርጆ ባላገር መካከል የቆመ ቤተ ክርስቲያን ሦስት ዙሪያ አለው፤ ሕዝቡም በአፋን ኦሮሞ ይናገራል። ቅኔ ማኅሌት ምንድን ነው፣ መላእክቱ በበሩ ስለ ምን ሰይፍ መዘዙ፣ ታቦቱ ስለ ምን ይዞራል የሚለውን በእናቱ ቋንቋ ካልነገሩት ይህ ሁሉ ለእርሱ ምንድን ነው? እንደ ከተማው ሰው ማንዳላ የማያውቀው ክብ ሥዕል ነው። ያን ጊዜ በቤቱ ሆኖ እንግዳ ይሆናል፣ በገዛ ደብሩ ጐብኚ ይሆናል። ይህን የሠራነው እኛ ነን።

ኦኔሲሞስ ነሲብ አስቴር ጋኖን ረዳት አድርጎ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መልሶ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1899 በስዊስ አገር አሳተመ፤ በ1904 ወደ ወለጋ ተመልሶም በነቀምቴ እያስተማረ ኖሮ በ1931 በዚያው ዐረፈ። እርሱ ከእኛ ቤት ወገን አልነበረም፤ በሃይማኖት የምንለይበት ነገር አለ። ያን ድካም ግን የሚንቅ ሰው ደፋር ነው። በባርነት ተሸጦ የነበረ ሰው ባሕር ተሻግሮ የሠራውን፣ እኛ ርስትና ደብር ይዘን፣ መምህራንና መጻሕፍት እያሉን ለብዙ ዘመን አልሠራነውም። ዛሬ በአፋን ኦሮሞ የሚቀደስባቸው አጥቢያዎች መኖራቸው ደስ ያሰኛል። ነገር ግን በጥር ወር 2015 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያናችንን ለመክፈል የደረሰው ክርክር በተነሣ ጊዜ ከቀረቡት አቤቱታዎች አንዱ ሕዝቡ በቋንቋው አይገለገልም የሚል እንደ ነበር ሁላችን እናስታውሳለን። የክርክሩን መንገድ የሚነቅፍ ሰው አቤቱታውን መስማት አይቀርለትም።

ሌላም ጥፋት አለ። በየከተማው ጭቃና እንጨት የሆነው አሮጌው ክብ ቤተ ክርስቲያን ሲያረጅ ይፈርሳል፤ በስፍራውም ሰፊ የሲሚንቶ ሕንፃ ይነሣል። የወለጋ ዝናም ከባድ ነው፤ ምስጡም እንጨት አያስቀርም፤ ሕዝቡም በዝቷል፤ ስለዚህ መሠራቱን አንከለክልም። የምንከለክለው ከግድግዳው ጋር ሥዕሉ፣ ከሥዕሉ ጋር ትርጓሜው ሳይጻፍና ሳይነሣ አብሮ በአካፋ መዛቁን ነው። የቲቤት መነኩሴ ሥዕሉን የሚጠርገው በቃሉ አጥንቶ ለተማሪው ካስተማረ በኋላ ነው፤ አሸዋው ቢጠፋም ሥዕሉ አይጠፋም። እኛ ግን ሳናጠና እናፈርሳለን። ከዚያም ለአዲሱ ሕንፃ ማሠሪያ ብለን በዐጸዱ ያለውን ሽማግሌ ዝግባና ዋንዛ እንቈርጣለን። ዐጸድ አልባ ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያው ዙሪያ የጐደለበት ነው፤ ምእመኑ ከገበያው ጫጫታ በቀጥታ ወደ ቅኔ ማኅሌት ይገባል፤ ልቡን የሚሰበስብበት ጥላ የለውም።

እንግዲህ ምን ይደረግ ለሚለን መልሳችን አጭር ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም። እያንዳንዱ ደብር በዓመት አንድ እሑድ ሕዝቡን ሰብስቦ ከደጀ ሰላም እስከ ቅድስት በር እየመራ የቤቱን ትርጓሜ ሕዝቡ በሚናገረው ቋንቋ ያስተምር። ከቅድስት በር ወደ ውስጥ የእጅ ስልክ አይግባ፤ የካህኑም ስልክ ቢሆን። አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ሳይፈርስ በፊት ሥዕሉ ሁሉ ይነሣ፣ ልኩ ይለካ፣ ሽማግሌዎች የሚያውቁት ታሪክ ይጻፍ፤ በነቀምቴ ዩኒቨርሲቲ ቆሞልናል፣ ወጣቶቹም ቢጠሩ ደስ እያላቸው ይመጣሉ። በዐጸዱ ያለ ዛፍ ያለ ሰበካ ጉባኤው ምክርና ያለ ተተኪ ችግኝ አይቈረጥ። የኦዳን ጥላ የሚያከብር ሽማግሌም ወደ ደጃችን ሲመጣ በአክብሮት ተቀብለን እናነጋግረው።

ለከተማው ወንድማችንም የምንለው አለን። ያንን የቲቤት ሥዕል ከግድግዳህ አውርድ አንልህም። ነገር ግን የሠሩት ሰዎች ምን ያህል ተምረው እንደ ቀረቡት፣ ከዚያም በትሕትና እንደ ጠረጉት አስበህ እፈር። ከዚያም በሚመጣው እሑድ፣ ገና ጨለማው ሳይለቅ፣ ጫማህን በእጅህ ይዘህ ወደ ደብርህ ና። መንገዱ ሁለት መቶ ርምጃ ነው፤ ስንቁም ከጐረቤትህ ጋር መታረቅ ነው።